«አርፈሽ ተማሪ»

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ አውቶቡስ ተራ ላይ የነገርኳት የመጨረሻ ቃል «አርፈሽ ተማሪ» የሚል ነበር። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ሲያስር፣ እናቷ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ስታቀብላት፣ እኔ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ደገምኩላት። «የማያገባሽ ነገር ውስጥ እንዳትገቢ። ክፍልሽ፣ ላይብረሪሽ፣ ዶርምሽ። በቃ!» እሺ አለችኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔ ግን አባት የሚለውን ብያለሁና ልቤ ረጋ። ልጆቻችሁን የሸኛችሁ አንባብያን፣ ከመካከላችሁ ይህን ቃል ያላለ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቃሉ የኔ አይደለም፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴም ቢሆን ከ1970 በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እንዲያውም ታላቅ ወንድሜ በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲሄድ አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ መርቆ ነው የሸኘው። በዚያ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። ወንድሜ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ገበሬዎች ፊደል ሲቆጥሩ የሚሆኑትን በደብዳቤ ይጽፍልን ነበር፤ ደብዳቤው ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሚያዳምጠው። ከዘመቻ ተመልሶ 12ኛን ጨረሰና ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጥር 1970 አንድ ማለዳ ከቤት ወጣ። አልተመለሰም። ማን እንደወሰደው፣ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አናውቅም። እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን «ክበብ»፣ «ውይይት»፣ «ስብሰባ» የሚሉ ቃላት አይነሱም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ለኔ የነበረው ምክር አንድ ብቻ ሆነ፤ አርፈህ ተማር።

አርፌ ተማርኩ። መምህር ሆንኩ፤ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን የክበብ ተጠሪ ሆኜ አላውቅም። አንድ ርእሰ መምህር ሚኒ ሚዲያውን እንድይዝለት ቢለምነኝ «ጉሮሮዬን ያመኛል» ብዬዋለሁ። ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም።

ልጄ የምታጠናው አካውንቲንግ ነው። ግቢው ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ፤ 3.6 አመጣች። በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ግን ውጤቷ ወደ 3.1 ወረደ። ስልክ ደውዬ «ምን ነካሽ?» ስላት ዝም አለች። ድምፅዋ የጎረነነ ነበር፤ ጉንፋን መሰለኝ።

«አባዬ፣ የማነብላቸው ልጆች አሉ» አለችኝ።

«ማንበብ የማይችል ሰው ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?»

«አያዩማ!»

ነገሩ የተጀመረው፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በካፌ ሰልፍ ላይ ነው። አንድ ዐይነ ስውር የሕግ ተማሪ ከፊቷ ቆሞ ነበር። ትሪውን ይዛለት ጠረጴዛ ድረስ አብራው ሄደች። ሲበሉ «ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?» ብትለው፣ «ምሳ መብላት አያቅተኝም፤ ያቃተኝ ሃንድአውቱ ነው» አላት። መምህሩ ለክፍሉ የበተነው ፎቶ ኮፒ 60 ገጽ ነበር። ለሚያይ ሰው የሁለት ምሽት ንባብ ነው። ለሱ ግን የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ የታሰረ ወረቀት ነው። ያን ምሽት 12 ገጽ አነበበችለት፤ እሱ በስልኩ ቀረጸ።

ብዙዎቻችን ዐይነ ስውራን በብሬል ይማራሉ ብለን ነው የምናስበው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ መምህር ሆኜ እንኳ። ብሬል ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል፤ አንዱ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በየሳምንቱ የሚበተነውን ሁሉ ወደ ብሬል የሚገለብጥ ደግሞ የለም። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር የስልክ ፕሮግራም እንዳለ ልጄ ነገረችኝ። ነገር ግን በስካን የተነሣ ገጽ ለስልኩ ሥዕል ነው፤ አያነበውም። በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ የቀረው መንገድ ጥንታዊው ነው፤ ሰው ለሰው ማንበብ።

ከአንዱ የሕግ ተማሪ ወደ አራት ሆኑ። ልጄ የዶርም ጓደኞቿን ጠራች፤ እነሱም ጓደኞቻቸውን። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ 40 አንባቢ ተመዝግቦ ነበር። ስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ደስ የሚል ነበር ትላለች። የፈተና ወቅት ሲደርስ ከ40ው የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ማንም «አልችልም» ብሎ አልነገራቸውም፤ መምጣት ብቻ አቆሙ። ልጄ የጎደለውን ልሸፍን ብላ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስታነብ ሰነበተች። ድምፅዋ ተዘጋ። በስልክ ጉንፋን የመሰለኝ እሱ ነበር።

የሷ 3.1 ቀላሉ ነው። አንድ የታሪክ ተማሪ የሞጁሉ ግማሽ ብቻ ነበር የተቀረጸለት። ሌላው ግማሽ «ነገ ይደርስሃል» እየተባለ ፈተናው ደረሰ። ወደቀ። ኮርሱን ዓመት ጠብቆ ሊደግም ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ንባብ ክፍሉ አልመጣም፤ ልጄ መንገድ ላይ ስታገኘው ድምፅዋን ሰምቶ እንዳላወቀ እንደሚያልፋት ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ያዘነው ለልጁ ሳይሆን ለሷ ነበር። «አየሽ? አርፈሽ ተማሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

በሳምንቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ሄጄ አስቆማታለሁ፣ ካስፈለገም ለመምህሮቿ እናገራለሁ።

የግቢው ጥበቃ ወላጅ አላስገባም ብሎ አንድ መምህር መጥተው አስገቡኝ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ናቸው፤ በዕድሜ የልጄን ታላቅ ወንድም ቢሆኑ ነው። የልጆቹ አማካሪ እሳቸው መሆናቸውን መንገድ ላይ ነገሩኝ። የንባብ ክፍሉ ቀድሞ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ ላይ ድምፅ እንዳያስገባ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ሦስት ቦታ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠው፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ስልኩን ይዞ ያዳምጣል። ግድግዳው ላይ የጊዜ ሰሌዳ አለ፤ ከጎኑ ያው ሰሌዳ በብሬል። ሲገባኝ ሰሌዳውን የሚያወጣው ያ የካፌው የሕግ ተማሪ ነው።

ይህ ነበር ከፈተናው በኋላ የተለወጠው። የታሪኩ ተማሪ ከወደቀ በኋላ ልጆቹ ተሰብስበው ነበር። አንባቢዎቹ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የጠሩት። የሕግ ተማሪው ግን ይቅርታውን ሳይሰማ፣ «ውለታ ከሆነ ስትፈልጉ ትሰጡናላችሁ፣ ሲደክማችሁ ትተዉታላችሁ። እንዲያ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ሰሌዳውን እኛ እንያዘው» አላቸው። እዚያ ላይ ተከራክረው አደሩ። ስለ አንባቢዎቹ የሚወስኑት አንባቢዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ የሚነበብላቸው አንድም ቀን ተጠይቀው አያውቁም። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ታፍር ነበር።

አሁን ሥራውን የሚመሩት ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ናቸው። አንድ አንባቢ በሳምንት ከሁለት ሰዓት በላይ አይሰጠውም፤ እምቢ ቢል እንኳ አይጨመርለትም። ማቆም የፈለገ ከአንድ ሳምንት በፊት ይናገራል፤ በዝምታ የቀረ ግን ይሰረዛል። አንባቢው ከማንበቡ በፊት የገጹን ቁጥር ይጠራል፤ ሠንጠረዥ ሲያጋጥመው ዓምዶቹን ይገልጻል፤ የግርጌ ማስታወሻ አይዘልም። ለፈተና የሚያነብና መልስ የሚጽፍ ሰው ከሌላ ትምህርት ክፍል ይመረጣል፤ ረድቶ ነው እንዳይባል። ተመራቂ ተማሪ አስተባባሪ አይሆንም፤ ሰኔ ላይ ሁሉንም ይዞ እንዳይሄድ። ይህን ሁሉ ማንም አልጻፈላቸውም። እያንዳንዱ ደንብ ከአንድ ጥፋት የወጣ ነው።

መምህሩን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። «እርስዎ አማካሪያቸው ሆነው 40 ሰው ሲመዘግቡ እንደማይዘልቅ አላዩም?»

«አይቻለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ብነግራቸው የኔ ፕሮግራም ይሆን ነበር። እኔ ቁልፍ ሲያጡ እፈርማለሁ፣ የሚጠይቁኝን እመልሳለሁ። ስብሰባቸው ላይ ግን አልገባም።»

ግማሹን ተቀበልኳቸው፤ ግማሹን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። የትምህርቱን ዋጋ የከፈለው ያ የታሪክ ተማሪ ነው። «ለሱስ ማን ይመልስለት?» ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። «እሱን እኔም አስበዋለሁ» አሉ። ቢያንስ አንድ ጊዜ «ካልዘለቀ የሚጎዳው ማነው?» ብለው ሊጠይቋቸው ይገባ ነበር እላለሁ። ጥያቄ ትእዛዝ አይደለም። ልጆች ራሳቸው ይምሩት ማለት ትልልቆቹ አይተው እንዳላዩ ይሁኑ ማለት አይመስለኝም።

ዳሩ ግን ተቃራኒውንም አይተናል። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት የሚያስታውስ ወላጅ ብዙ ነው። ጎበዙ ሰነፎቹን እንዲይዝ ታስቦ ከላይ የወረደ ነበር፤ እኔም ክፍሌን አንድ ለአምስት አደራጅቼ ቅጽ ሞልቼ አስረክቤያለሁ። ቅጹ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ተማሪዎቹ አብረው ማጥናታቸውን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያየሁት ቡድን ቅጽ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰው ግን በሰዓቱ ይመጣል።

ቢሮዎቹም ቢሆኑ ነገሩን ቀላል አላደረጉላቸውም። መጀመሪያ ክፍል ሲጠይቁ ደብዳቤ አምጡ ተባሉ፤ ደብዳቤው ሲመጣ መተዳደሪያ ደንብ፤ ደንቡ ሲመጣ ማኅተም። ይህ እንኳ የተለመደ ነው። የከፋው በኋላ የመጣው ነው። እንግዶች በሚጎበኙበት ቀን ዐይነ ስውራኑ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ነጭ በትራቸውን ይዘው በር ላይ እንዲሰለፉ አንድ ቢሮ ጠየቃቸው፤ ባነርም ተዘጋጅቶ ነበር። ልጆቹ ተወያይተው አንሰለፍም አሉ። እንግዶቹ ከፈለጉ ክፍሉ ድረስ መጥተው ሲነበብ ይዩ አሉ። የንባብ ክፍሉ ቁልፍ «ለእድሳት» ተብሎ ተወሰደ። ለሁለት ሳምንት ደረጃ ላይ ተቀምጠው አነበቡ።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ እጄ ቀዘቀዘ። ተማሪ ከቢሮ ጋር ሲጋጭ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ታሪክ ብቻ ነው። «ይቅርታ ጠይቂና ነገሩን ተይ» አልኳት። ቦርሳዋን ከፍታ የጻፉትን ደብዳቤ ሰጠችኝ። አንድ ገጽ ነው። ክፍሉ ከመቼ ጀምሮ ለምን እንደዋለ፣ ስንት ተማሪ እንደሚጠቀምበት፣ ቁልፉ ከተወሰደ ወዲህ የትኞቹ ሞጁሎች እንዳልደረሱ ይዘረዝራል። ስድብ የለውም፣ ልመናም የለውም። ዩኒቨርሲቲዎች መማር ማስተማር፣ ጥናትና ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት እያሉ ሦስት ተልእኮ እንደሚጠሩ ጠቅሰው፣ «እኛ ሦስተኛውን ጀምረናል፤ ለመቀጠል ክፍሉን እንፈልጋለን» ይላል። በልማድ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ያገኘሁት አንድ የ«ሀ» እና የ«ሐ» ስሕተት ነው። መምህሩ ደብዳቤውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተመላልሰው ቁልፉን አምጥተዋል። ያለ እሳቸው ፊርማ ደብዳቤው የትም አይደርስም ነበር፤ ያለ ልጆቹ ደብዳቤ ደግሞ እሳቸው የሚፈርሙት ነገር አይኖራቸውም።

ማታ በከተማው አንድ አልቤርጎ አልጋ ይዤ ተኝቼ ስለ ወንድሜ አሰብኩ። በ1957 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ነገር አየ። በየካቲት ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ፤ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት፣ አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ እያስተማሩ ያሳልፉ ነበር። አገልግሎቱ እስከ አብዮቱ ዘለቀ። እኛ ወላጆችና አያቶች «ተማሪ ተንቀሳቀሰ» ሲባል የሚመጣብን የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ከሱም በላይ በኋላ የመጣው ደም። በገጠር ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ የቆመው ተማሪ ከትዝታችን ወጥቷል። ወንድሜ ሁለቱንም ነበር። ቤታችን ያስታወሰው አንዱን ነው።

ልጆቻችንን የምንልክባቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ባለፉት ዓመታት በየግቢው የተነሣውን ግጭት፣ የተዘጋውን ትምህርት፣ በሌሊት ልጁን ለማምጣት የተነሣውን ወላጅ እናውቃለን። ስለዚህ ፍርሃታችን ከንቱ ነው አልልም። ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ያየኋቸው ልጆች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው፤ አንዱ ኦሮምኛ አፉን የፈታ፣ ሌላዋ ከሲዳማ፣ ሌላው ከጎጃም። ነገር ሲነሣ ማን ማንን ፈልጎ እንደሚሄድ ልጄን ጠየቅኳት። «አምና ግቢው ሲረበሽ በየዶርሙ ሄደን ዐይነ ስውራኑን ያወጣነው እኛ ነን፤ የማን ዶርም የት እንደሆነ የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን» አለችኝ። ይህን በስልክ ነግራኝ አታውቅም። እንዳልፈራ ብላ ነው።

ጠዋት ልመለስ ስል ከልጄ ጋር ሻይ ጠጣን። አስቆማታለሁ ያልኩትን አልተናገርኩም። ተነጋግረን አንድ ነገር ተስማማን፤ የሁለት ሰዓቱ ደንብ ለሷም ይሠራል፤ በፈተና ወር አስተባባሪነቱን ለሌላ ትሰጣለች። ይህን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት፤ እኔ የጨመርኩት ነገር ቢኖር የዝንጅብል ሻይ ጠጪ ማለቴ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር 3.4 አመጣች። የታሪኩ ተማሪ ግን አሁንም አያናግራትም። አንባቢ ግን ተመድቦለት ኮርሱን እየደገመ ነው፤ አንባቢው ሌላ ሰው ነው።

የስልክ ጥያቄዬ ተለውጧል። ድሮ «በላሽ? ውጤት ወጣ?» ነበር። አሁን «በዚህ ሳምንት ምን ተበላሸባችሁ?» እላታለሁ። ስለ ተበላሸው ስጠይቃት ብዙ ትነግረኛለች፤ ስለ ደህናው ስጠይቃት «ደህና ነው» ብቻ ነበር የምትለኝ። የጎረቤቴ ልጅ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታጠናለች፤ ተማሪዎቹ ለድሆች ነፃ የሕግ ምክር በሚሰጡበት ማዕከል እንደምትሠራ አባቷ ያወቀው እኔ ጠይቃት ካልኩት በኋላ ነው። ዓመት ሙሉ ደብቃዋለች። «ይከለክለኛል ብዬ» አለችው።

በዚህ ክረምት ልጄ ቤት መጥታ ሳለ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። የሕግ ተማሪዎቹ የፍትሐ ብሔር ሕጉን በአማርኛ ሙሉውን በድምፅ ይፈልጉታል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ 3,367 አንቀጽ አለው። አማርኛው የዘመኑ ነው፤ ከባድ ነው፤ ወጣቶቹ አንባቢዎች ማቆሚያውን ይስቱታል። «አባዬ፣ አንተ አማርኛ መምህር ነህ» አለችኝ። ጉሮሮዬን ያመኛል ማለት አልቻልኩም። ስሜ ሰሌዳው ላይ ገባ፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ አንድ አንድ ሰዓት።

ጠዋት በማለዳ፣ የሰፈሩ ወፍጮ ሳይነሣ፣ ሳሎን ተቀምጬ እቀርጻለሁ። እናቴ 85 ዓመቷ ነው፤ በወንበሯ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኔ ትቀመጣለች። ማንን እንደማነብ አልጠየቀችኝም ነበር። ልጄ ነግራት ኖሮ፣ «ለማያዩት ልጆች ነው አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ጠፉ ሰዎች የሚናገረው ክፍል ላይ ደረስኩ። አንቀጽ 154 ነው። አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ የሚመለከተው ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ መጥፋቱ እንዲወሰን መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። አንብቤ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል እናቴ ተናገረች።

«ሁለት ዓመት?»

ዝም አልኩ።

«ሁለት ዓመት ነው የሚለው?»

«አዎ እማዬ።»

«እኔን ማንም አልነገረኝም» አለች።

47 ዓመት ሆኖታል። ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ቀረጻውን ማቆም ረስቻለሁ። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን አስተካከለችና «አንብብ፤ ልጆቹ ይጠብቃሉ» አለችኝ። አነበብኩ፤ እስከ ክፍሉ መጨረሻ።

ማታውን በቴሌግራም ላክሁት። በማግሥቱ ከሕግ ተማሪው የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ከአንቀጽ 154 በኋላ የሌላ ሰው ድምፅ ገብቷል፤ ወደ አራት ደቂቃም ዝም ይላል። እባክዎ ከዚያ ጀምረው ይድገሙልን። እስከ ሐሙስ ካልደረሰን ለሌላ አንባቢ እንሰጠዋለን።»

ረቡዕ ጠዋት ደግሜ ቀርጬ ላክሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ አላጠፋሁትም።